ግማሹ ሮልስ ሮይስ

ሉድሎው፣ እንግሊዝ
ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1973

ለተወደድሽው ለሮዌና ማክኢንዶ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺ ጤናሽ የተሟላ፣ በጎቻችሁ ያልከሱ፣ የውኃ ታንከራችሁም ዝናብ የጠገበ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ከገና ጀምሮ አልለቀቀንም።

ለገና የላክሽልኝን ካርድ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አያትሽ አዲሱን ጥርሱን ለቄሱ ሊያሳይ አውጥቶ ሾርባ ውስጥ ጣለው ያልሽው ቦታ ላይ ሻዬ አነቀኝ። ከዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል ዓይኑ የሚያይ፣ እጁም የሚጽፍ አንቺን ብቻ ስላገኘሁ በአንድ ጉዳይ ላስቸግርሽ ነው።

በአውራጃችሁ ጋዜጣ ላይ ሚስስ ሚዩሪየል ትሬሎር የአማቷን የ1934 ሮልስ ሮይስ ልትሸጥ መሆኗን አየሁ። ጋዜጣው የሚደርሰኝ በመርከብ ስለሆነ ወሬው ስድስት ሳምንት አርጅቷል። እንደምታውቂው እኔ አሮጌ መኪና እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። እንደምንም ብለሽ ሄደሽ እዪልኝ። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ብረት ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ገልብጪ። የፊተኛውን በር ስትከፍቺ ከቆዳው ሥር እንጨቱ ላይ የተመታ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱንም። ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነ ጠይቂ። ስንት እንደምትፈልግም በዘዴ ስሚልኝ።

ለኦዚ አትንገሪው። አያትሽን እወደዋለሁ፤ ግን ለኦዚ ጠዋት የተነገረ ነገር ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ይወራል።

ለቴምብርና ለፎቶ ፊልም አምስት ፓውንድ አያይዣለሁ። ለመሆኑ ኦዚ አሁንም ዶሮ ያረባል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

የአያትሽ የአጎት ልጅ፣
ሴድሪክ ማክኢንዶ


ዋንዶ ክሪክ፣ ቪክቶሪያ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ ሴድሪክ፤

እናቴ ደብዳቤ ያለ ሰላምታና ያለ ምርቃት አይጀመርም ስላለች፦ ጉልበትዎን ይማርልዎ፣ በረዶውን ይንቀልልዎ፣ ሻይ ዳግመኛ አያንቅዎ። አሜን። አሁን ወደ መኪናው።

ሚስስ ትሬሎር ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሞተ ባሏን ቦት ጫማ ነው የምታደርገው። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ስለ አሮጌ ነገሮች እየጻፍን ነው።"

"እና በቀጥታ እኔ ጋ መጣሽ" አለች። "ግቢ። ጎበዝ ተማሪ ሳትሆኚ አትቀሪም።"

መኪናው የሱፍ መጋዘኑ ውስጥ ነው የቆመው። አጎቴ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ! ከፊት ሲያዩት የንግሥቲቱ እንግዳ የሚወርድበት ነው፤ መብራቶቹ የሾርባ ድስት ያህላሉ። ከኋላ ሲያዩት ድንች የሚጫንበት ነው። ከፊተኛው ወንበር በስተጀርባ ያለው ሁሉ ተቆርጦ የእንጨት መጫኛ ተገጥሞለታል። ፒክአፕ ነው በቃ! ሮልስ ሮይስ ፒክአፕ!

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"ጦርነት ሆኖ ነው" አለች። "በአርባ ሁለት ለቤት መኪና ቤንዚን በማንኪያ ነበር የሚሰጠው። ጭነት ለሚጭን ገበሬ ግን ይጨምሩለታል። ስለዚህ አማቴ አስቆረጠው። እሱ ብቻ መሰለሽ? ሙሽራ የሚመስል መኪና ሁሉ በአንድ ክረምት ድንች ተሸካሚ ሆነ።"

ሠላሳ ዓመት ሱፍ ስለጫነ የሥሩ ብረት የበግ ቅባት ጠጥቷል፤ ዝገት አላየሁበትም። ጣቴ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በግ በግ ሸተተኝ። ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ አስዙራኛለች። የብረቱን ቁጥር በሌላ ወረቀት ገልብጫለሁ። የበሩ እንጨት ላይ ያለው 5127 ነው። ስንት ትፈልጊበታለሽ ስላት "ለምን? ትምህርት ቤታችሁ ሊገዛው ነው?" አለችኝ።

ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሰላም ይሉዎታል።

አክባሪዎ
ሮዌና


ሉድሎው
ማርች 2 ቀን 1973

ለተወደድሽው ሮዌና፤

ያየሽውን ሁሉ እዚህ ተቀምጬ እንዳይ አድርገሽኛልና ዓይንሽን ይባርከው። ከሁሉም የበጉ ቅባት ነገር ደስ አሰኘኝ።

አሁን እንዳትታለዪ ዋጋ እንዴት እንደሚገመት ላስረዳሽ። እንዲህ ያለ መኪና የሚሰላው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ታድሶ፣ አብረቅርቆ ሲያልቅ ስንት እንደሚሸጥ ትጠይቂያለሽ። ይኸኛው ዛሬ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። ከዚያ ሥራውን ሁሉ ትቀንሺያለሽ፤ ሞተሩን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ቆዳውን፣ ቀለሙን፣ የሠሪውን ድካም። የተሰበረ ነገር አያስፈራሽ፤ የተሰበረ ይጠገናል። የሚያስፈራው የሌለው ነው። አዲስ ቀለም ካየሽ ደግሞ ምን እንደሸፈነ ጠይቂ፤ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ መኪና ቆሻሻው ይታመናል። በመጨረሻ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንደሆነ ታያለሽ። የራሱ ቦዲ ያለውና የሌለው ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ናቸው፤ ቦዲው የዋጋው ግማሽ ነው፣ አንዳንዴም ከግማሽ ይበልጣል።

ይኸኛው የኋላ ቦዲ የለውም። ስለዚህ ከሰባት መቶ ዶላር በላይ የሚከፍልበት ሰው ገንዘቡን የጠላ ነው። ሰባት መቶ እንደምሰጣት፣ ስሜን ሳትጠሪ፣ "አንድ ሰው" ብለሽ ንገሪያት።

ኦዚ የዶሮ ቤቱን አድሶት ይሆን ወይስ ያው የድሮው ነው?

ሴድሪክ


ዋንዶ ክሪክ
ማርች 17 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ምርቃቱን ግን ጉዳዩ እስኪጣራ ይዤዋለሁ።

"አንድ ሰው ሰባት መቶ ይሰጣል" አልኳት። "ይኼ አንድ ሰው አፍ የለውም?" አለችኝ። ከዚያ የሜልበርኑ ሚስተር ቮስፐር ዘጠኝ መቶ እንደሰጣት ነገረችኝ። ሰውየው ነጭ ጫማ አድርጎ በግ በረት የሚገባ ዓይነት ነው። ነጭ ቀለም ቀብቶት ለሠርግ ሊያከራየው ነው።

ለምን እንደምትሸጠውም አወቅሁ። የጉድጓዷ ግድግዳ ተደርምሶ ውኃ የለም። ከጎረቤት በባልዲ ነው የምታመጣው። አዲስ ለማስቆፈር፣ ከነፓምፑ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ጠይቀዋታል። እስከ ጁላይ መጨረሻ ካላገኘች ልጇ ኔቪል ቤቱን አሽጦ ሃሚልተን ያለው የአረጋውያን ቤት ሊያስገባት ነው።

"እዚያ በአምስት ሰዓት ተኩል ነው ምሳ የሚያበሉት" አለችኝ። "እኔ በአምስት ሰዓት ተኩል ገና ሰው መሳደብ አልጀመርኩም።"

የኋላው የት እንደሄደስ ጠየቅኋት። ቀና አለች። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አሳየችኝ።

"ወደ ጦርነት ሄዷል። አማቴ ሰላም ሲሆን መልሼ እገጥመዋለሁ ብሎ ጣሪያ ሥር ሊያስቀምጠው ነበር። የቆረጠው ልጅ ግን ሠራዊቱ ለአውሮፕላን አሉሚኒየም እየሰበሰበ ነው ብሎ ጭኖ ወሰደው፤ ይኸው ደረሰኙ። የኛ መኪና ግማሹ ኒው ጊኒ ጦር ግንባር ላይ በርሯል፣ ልጄ።"

"ልጁ ማን ነበር?"

"ሴድሪክ ማክኢንዶ ነዋ። የናንተው ዘመድ። እንግሊዝ ገብቶ ጨዋ ሆኗል አሉ። ለመሆኑ ትጻጻፋላችሁ?"

"ለገና ካርድ ብቻ" አልኩ። ፊቴ ግን ቲማቲም እንደመሰለ ታውቆኛል።

አጎቴ፣ ያን ሁሉ ገጽ ሲጽፉልኝ ይህን መኪና በገዛ እጅዎ እንደቆረጡት የምትገልጽ አንዲት መስመር ቦታ አጡላት?

የዶሮ ቤቱ ያው የድሮው ነው። ሁለት ጊዜ ስለ ዶሮ ጠየቁኝ። ስለ እናቴ አንዴም አልጠየቁም።

ሮዌና


ሉድሎው
ማርች 28 ቀን 1973

ለተወደድሽው ሮዌና፤

እናትሽ እንዴት ናት? ሰላም በይልኝ።

ያለፈ ነገር ስለሆነ ነው ያልጻፍኩት። ልጅ ሳለሁ ትሬሎር ጋ ተቀጥሬ ነበር፤ ቁረጥ አሉኝ፣ ቆረጥኩ። ሌላ ነገር የለውም።

ቮስፐር የሚባለው ነጭ ቀለም ሳይቀባው እንቅደመው። አንድ ሺህ እሰጣለሁ። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም፤ ወርክሾፔ ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዞበታል። ይህን መኪና ካገኘሁ ግን ቀና እላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ያ የኦዚ የዶሮ ቤት የልጅነት ትዝታዬ ነው። አሥር ፓውንድ ልኬያለሁ፤ ለማስታወሻ ሽጥልኝ ብሎሃል በይው። እንዳያፈርሰው፣ እንዳይነካካውም። መኪናው በመርከብ ሲጫን አብሮ ይጫናል።

ይህን ለሚስስ ትሬሎር ማንሳት አያስፈልግም።

ሴድሪክ


ዋንዶ ክሪክ
ኤፕሪል 10 ቀን 1973

አጎቴ ሴድሪክ፤

አሥር ፓውንድ ለዶሮ ቤት! አያቴ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነው የሰማው።

"ሴድሪክ ታሟል" አለ። ሻዩን ጨረሰና "ወይም ደግሞ ከሥሩ ወርቅ ቀብሯል" አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሲቆፍር ከረመ። ወገቤን አመመኝ ብሎ እንጨት የማይፈልጥ ሰው በሁለት ቀን ሦስት ጉድጓድ ቆፈረ። ያገኘው አንድ የፈረስ ጫማና የራሱን የጠፋ ቧንቧ መፍቻ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ "ለአጥር ነው" ይላል። አጥር በዶሮ ቤት ሥር!

እኔ ግን ከዶሮ ቤቱ ሥር ሳይሆን የዶሮ ቤቱን ራሱን አየሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንቁላል ስለቅምበት አይቼው አላውቅም ነበር ለካ። ጎኑ በሬንጅ ተለቅልቋል፤ ላዩ ላይ ቆርቆሮ ተመትቷል። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ጣሪያ ግን ጎበጥ ያለ ነው፤ ዋንዶ ክሪክ ውስጥ ለዶሮ ጣሪያ የሚያጎብጥ አናጢ የለም። ሁለት በር አለው፤ አንደኛው ተቸንክሯል። ከኋላ ትንሽ ሞላላ መስኮት አለች። ዶሮዎቹ የሚያድሩበት ሽቦ የወንበር ስፕሪንግ ነው። በየቀኑ የምከፍተው እጀታ ደግሞ ትሬሎር መጋዘን ውስጥ ካየሁት ጋር መንታ ነው።

በቢላ ፋቅኩት። ከሬንጁ ሥር ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ወጣ። የበሩን ጠርዝ ኩስ በሹካ አነሳሁ (ሹካውን እናቴ አታውቅም)። እንጨቱ ላይ 5127 ይላል።

አያቴን ጠየቅሁት። "ሴድሪክ ነው የሸጠልኝ፤ ትሬሎሮች ለደመወዜ ሰጥተውኛል ብሎ" አለኝ። ስምንት ፓውንድና አንድ አሳማ ከፍሏል።

ስለዚህ ኒው ጊኒ ላይ የበረረው ዶሮ ነው።

እንግዲህ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ላስላ። ቁጥሮቹ ይስማማሉ። የሚያስፈራው የሌለው ነው ብለውኛል፤ እዚህ የሌለ ነገር የለም። ቦዲው የዋጋው ግማሽ ነው ብለውኛል። እርስዎ ለግማሽ መኪና ከፍለው ሙሉ መኪና ሊወስዱ ነው፤ ያውም ሁለተኛውን ግማሽ በአሥር ፓውንድ፣ ከሰረቋት ሴትዮ ተደብቀው፣ በእኔ እጅ። እኔንም አስዋሽተውኛል። የትምህርት ቤት ሥራ ነው ያልኩትን ያስታውሱ።

እስኪመልሱልኝ ለሚስስ ትሬሎር አልነግራትም። አሥሩን ፓውንድ መልሼ ልኬያለሁ፤ አያቴ አላየውም እንጂ አይለቀውም ነበር።

ሮዌና


ዋንዶ ክሪክ
ሜይ 22 ቀን 1973

አጎቴ፤

ስድስት ሳምንት ሆነ። ስለ ዶሮ ሲሆን ወዲያው ይመልሱ ነበር።

ቮስፐር አንድ ሺህ አንድ መቶ አድርሶታል። ጁን 9 ቅዳሜ ተጎታች ይዞ ይመጣል። ሚስስ ትሬሎር "ምንም ካለማግኘት ይሻላል" ማለት ጀምራለች፤ ትናንት ባልዲ ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ አረፈች። ባልዲውን ልያዝልሽ ስላት "ይኼም ትምህርት ቤት የሰጣችሁ ነው?" አለችኝ።

ከቅዳሜው በፊት ካልጻፉልኝ ያገኘሁትን ያለ እርስዎ እነግራታለሁ።

ሮዌና


ሉድሎው
ሜይ 31 ቀን 1973

ሮዌና፤

ዛሬ ምርቃት ለመጻፍ አፍ የለኝም።

ዝም ያልኩት አምስት ደብዳቤ ጽፌ ስለቀደድኩ ነው። በአምስቱም ውስጥ እየዋሸሁ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሽማግሌው ትሬሎር ቦዲውን በጥንቃቄ ፍታ፣ እንዳይቧጨር፣ መልሰን እንገጥመዋለን አለኝ። በጥንቃቄ ፈታሁት፤ ብሎኖቹን እንኳ በከረጢት አስቀምጬ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ለሽያጭ ቀረበ። ሃሚልተን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሞተር ብስክሌት ቢኖረኝ ታየኛለች ብዬ አሰብኩ። ቦዲውን ለኦዚ ሸጥኩለት፤ አሳማውን ለሥጋ ቤት ሸጥኩት። ሽማግሌው የት አደረስከው ሲለኝ ሠራዊቱ ወሰደው አልኩት። ደረሰኝ አምጣ ቢለኝ ፖስታ ቤት በነበረው የጽሕፈት መኪና ራሴ ጻፍኩት። ሰውየው ወረቀቱን አንብቦ "ለአገር ከሆነ ይሁን" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። በፍሬም መሰቀሉን ካንቺ ስሰማ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ልጅቷ፣ ለማወቅ ከፈለግሽ፣ በሩን እንኳ አልከፈተችልኝም።

ጋዜጣውን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ንስሐ አልነበረም፤ እውነቱን ልንገርሽ። "ሌላው ግማሽ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ" የሚል ነው የመጣልኝ። ወርክሾፑ እየሞተ ነው። አንድ ጥሩ መኪና ብቻ ሠርቼ ብወጣ ብዬ ተመኘሁ።

ንገሪያት። መኪናውን እንደማጣው አውቃለሁ። ቮስፐር ግን ሳይወስደው ንገሪያት፤ ለእሱም ሁለቱን ግማሾች ለይታ እንዳትሸጥለት።

ሴድሪክ


ዋንዶ ክሪክ
ጁን 12 ቀን 1973

ለአጎቴ ሴድሪክ፤

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰ። ዓርብ ዕለት ሚስስ ትሬሎርን በአያቴ መኪና አመጣናት። መንገድ ላይ ምንም አልተናገርኩም፤ አያቴም አልተናገረም። አያቴ ዝም ሲል ሰው እንደሞተ ነው የሚመስለው፤ "ማን ነው የሞተው?" ብላ ጠየቀች።

ደብዳቤዎን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ዶሮ ቤቱ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ከዚያ የቆርቆሮውን ጠርዝ ቀና አድርጋ ዝቅ አለችና ገባች። ስፕሪንጉ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ዶሮ ጭኗ ላይ ወጣች፤ አላባረረቻትም።

"ኔቪልን ከሆስፒታል ያመጣሁት እዚች ላይ ተቀምጬ ነው" አለች።

ዶሮዋን እየደባበሰች ቀጠለች።

"ለሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሻይ እየቀዳሁ ስለ አውሮፕላኑ አወራለሁ። ጳጳሱ ሳይቀሩ ሰምተዋል። ኦዚ፣ አንተም ቤቴ መጥተህ ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ" አለ አያቴ፣ ባርኔጣውን እያሸ። "ሌላ ግማሽ መሰለኝ።"

"ስንት ግማሽ አለው ብለህ ነው?"

እኔ ሳቄን ለማፈን ወደ እህሉ ማሰሮ ዞርኩ።

"ስንት ከፈልክበት?"

"ስምንት ፓውንድና አሳማ።"

"አሳማው ጥሩ ነበር?"

"በጣም ጥሩ ነበር።"

"እንግዲያው አንተም ተበልተሃል" አለችና ወጣች። ቀሚሷ ላይ የነበረውን ላባ አራገፈች። አያቴ የእሱ ድርሻ አዲስ ዶሮ ቤት እንዲሆን ጠየቀ፤ እሷም "ሴድሪክ ይሥራልህ፤ እጁ ሥራ ያውቃል" አለች።

ቅዳሜ ቮስፐር ነጭ ጫማውን አድርጎ መጣ። "ዛሬ አይሸጥም" አለችው። "ዋጋ ላሻሽል?" አላት። "ጫማህን አሻሽል፤ ጭቃ ነው" አለችው። ተጎታቹን ባዶውን ይዞ ሄደ፤ ነገር ግን ስልክ ቁጥሩን በር ሥር አስገብቶ ነው።

አሁን የምትለውን ልጻፍ፤ ቃል በቃል እንድጽፍ አስምላኛለች።

"ዋጋ አልጠራለትም። የፈታው እሱ ነው፤ ምን እንደሚያወጣ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። አንድ ቁጥር ይጻፍ። አንድ ጊዜ ብቻ። ክርክር የለም፣ ‘ላስብበት’ የለም። ቁጥሩ የሰው ቁጥር ከሆነ መኪናው የሱ ነው። የሌባ ቁጥር ከሆነ ሁለቱንም ግማሽ ለባለ ነጭ ጫማው እሰጣለሁ፤ ደብዳቤውንም የሠራዊቱን ወረቀት አውጥቼ እዚያው ፍሬም ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ጳጳሱ በኖቬምበር ይመጣሉ።"

አጎቴ፣ እኔ ምንም አልመክርዎትም። ጉድጓድ ቆፋሪው ግን እስከ ጁላይ 20 ብቻ ነው ተራዋን የያዘላት።

ሮዌና


ሉድሎው
ጁን 23 ቀን 1973

ለተወደድሽው ሮዌና፤

ይህን ደብዳቤ ለእሷ አንብቢላት።

ሚስስ ትሬሎር፤ ከላይ ወደ ታች አስልቻለሁ። ሲያልቅ ዘጠኝ ሺህ። ሞተሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ቆዳው፣ የበሰበሰው እንጨት፣ የመርከቡ ጭነት፣ የሁለት ዓመት ድካሜ ሲቀነስ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር ይቀራል። ሌላ ገዢ ከዚህ ያነሰ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚህ የበለጠ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይሰጥም። ለራሴ ምንም አልደበቅሁም። የምነዳትን መኪናና ትልቁን የብረት መቅረጫ ማሽኔን ሸጫለሁ። ቼኩ የሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነው።

ከፈቀዱልኝ በሴፕቴምበር መጥቼ በግቢዎ ውስጥ እገጥመዋለሁ። ባይፈቅዱም ቼኩ የእርስዎ ነው።

ሴድሪክ ማክኢንዶ


ዋንዶ ክሪክ
ጁላይ 15 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ ሴድሪክ፤

የያዝኩትን ምርቃት ለቅቄዋለሁ። ጉልበትዎ ይጠንክር፣ እጅዎ አይዛል፣ መንገድዎ ይቅና።

ነገሩ ግን በቀላሉ አላለቀም። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ስደርስ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ላይ ስደርስ ከወንበሯ ተነሳች።

"ይኼ ሁለት መቶ ምንድን ነው?"

"ጭማሪ ነው መሰለኝ።"

"ሴድሪክ ማክኢንዶ ጭማሪ? ሌላ ምን ሰርቆኛል? ሂጂ መጋዘኑን እዪ!"

አያቴ በተስፋ "የአሳማው ይሆናል" አለ።

"አንተ ዝም በል። አሳማውን በልተኸዋል።"

"አልበላሁትም፣ እሱ ነው የ—"

"ዝም በል አልኩህ!"

እውነትም መጋዘኑን አየን። ከአንድ የተሰበረ መሰላል በቀር የጎደለ ነገር አላገኘችም፤ መሰላሉንም ኔቪል እንደሰበረው በመጨረሻ ትዝ አላት። ሁለቱ መቶ ለምን እንደሆነ በደብዳቤ እንድጠይቅዎ አዛኛለች። ጠይቄያለሁ። ካልፈለጉ አይመልሱ።

ቼኩን መስኮት ላይ ዘርግታ በብርሃን አየችው። አሸተተችው። በማግስቱ ባንክ ይዣት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ቼክ ነው አላት። "እርግጠኛ ነህ?" አለችው። እርግጠኛ ነኝ አለ። እሱ ስልክ ሊያነሳ ዞር ሲል ገንዘብ ከፋይዋን ልጅ ጠጋ ብላ "ይኼ ሰውዬ ያውቃል?" አለቻት። ገንዘቡ የባንክ ደብተሯ ላይ እስኪገባ አሥር ቀን ፈጀ፤ አሥሩንም ቀን ባልዲዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ሄደች፤ ለቆፋሪውም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ደብተሩን አየች፤ ከባንኩ ሳትወጣ በባንኩ ስልክ ለቆፋሪው ደወለች።

ትናንት መቆፈሪያውን አስገብተው ጀምረዋል፤ ግቢው በሙሉ ጭቃ ነው። ኔቪል ደውሎ ነበር። "ሃሚልተን ያለውን አልጋ ለሌላ ሰው ስጡት" ብላ ዘጋችበት።

ከዚያ ለእርስዎ ደረሰኝ ልትጽፍ ተቀመጠች። ስለ ሴፕቴምበሩ ምን ልበለው አልኳት። "ይምጣ፤ ብሎኖቹን ከነከረጢታቸው ይፈልግልኝ" አለችኝ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል እኔም አልሰማሁ፣ እሷም አላነሳችው። ስትጽፍ ትከሻዋ ላይ ሆኜ እንዳላነብ ክንዷን ጋረደች። ጨርሳ ስትሰጠኝ አነበብኩት፤ እንዲህ ይላል፦

"ከሴድሪክ ማክኢንዶ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ተቀብያለሁ። የሸጥኩለት፦ አንድ ሙሉ መኪና። ሚዩሪየል ትሬሎር።"

ሙሉ ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም።

አክባሪዎ
ሮዌና